የመምህሩ መኪና በኒያንጋ

ማንዚማሆሌ መንደር፣ ንጎቦ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሳኩምዚ፤

ዲኬላ፣ በጎሳህ ስም ልጥራህ፤ የአያቶችህ ጥላ ከራስህ አይራቅ፤ የረገጥከው መሬት አይክዳህ። ኬፕታውን ከነነፋሷ ትመችህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል።

መኪናዋ አንተንና ልጄን ጭና ከደጄ ከወጣች ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው። መድረሳችሁን የነገረኝ የለም። እንደደረሳችሁ ቆጥሬ ልምከርህ። ሟቹ ባለቤቴ መምህር ምዛማኔ ኩዊንስታውን ካለ መድኃኒት ሻጭ እጅ ሲገዛት አምስት ዓመት የሠራች ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ነዳት። እኔም ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ሆዷን ሳዳምጥ ኖርኩ። መሪ ይዤ ባላውቅም የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ካንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ጠዋት ስታስነሳት ቤንዚን አትርገጥባት፤ ትታነቃለች። ቁልፉን ግማሽ ዙር ካዞርክላት ይበቃታል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትግደረደራለች፤ አትታገላት፣ አባብላት። ቆማ ስትሠራ ስለምትግል ሰው ስትጠብቅ ሞተሯን አጥፋ። ይህን የናቀ ሰው ራዲያተር ይገዛል።

እዚህ ያው ነው። ባለፈው ሐሙስ የላም ሌቦች ከወንዙ ማዶ መጥተው ሁለቱ ተያዙ። መንደሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። አልዋሽህም፣ አሳርፌያለሁ። አንደኛው እስኪመሽ አልቆየም። ፖሊስ በማግስቱ መጥቶ "ማን መታው?" ሲል ሁላችንም ባንድ አፍ "እኔ" አልነው፤ መዝገቡን አጥፎ ሄደ።

መኪናዋን የሰጠሁህ ቦናኬሌ ሥራ እንዲያገኝባት ነው። እሷ ብትሰበር ብረት ናት። እሱ ግን አንድ ልጄ ነው፤ ከሱ ሌላ አልወለድኩም። ለገና እንደወሰድከው መልስልኝ።

የአባትህ እህት፣
ማክዋቲ


ኒያንጋ፣ ኬፕታውን
ማርች 20 ቀን 1998

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለማክዋቲ፤

እጅ ነሥቼ ሰላም እልዎታለሁ። ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ የአባቴን ፊት በእርስዎ ላይ ያስቀሩልኝ አያቶቼ ዕድሜዎን ያርዝሙልኝ። እኛ ደህና ነን።

መኪናዋ እንኳን ኬፕታውን ሌላ አገርም ትደርስ ነበር። ሺህ ኪሎሜትር ስትመጣ ውሃ የጠየቀችው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ዳገቱ ላይ። እዚህ እንዲህ ያሉትን አሮጌ የቤት መኪኖች "በረሮ" ይሏቸዋል። አራት ሰው በሚቀመጥበት ሰባት ጭነን ከመናኸሪያው ወደ ሰፈር ውስጥ እንመላለሳለን። በሩ በገመድ የሚታሰር፣ መቀመጫው የቢራ ሳጥን የሆነ በረሮ ሞልቷል። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን ሲገፋ ነው የሚያረፍደው። የኛ ግን አንድ ቀን ተገፍታ አታውቅም። ሾፌሮቹ "ይቺን ደግሞ ከየት አግብታችሁ አመጣችኋት?" ይሉናል። ቦናኬሌም "የመምህር ቤት ልጅ ናት፤ አንዴ ስትጠራ አቤት ትላለች" ይላቸዋል።

የሚኒባስ ባለቤቶች አልወደዱንም። መንገዱ የኛ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ድንጋይ ተወራውረን ነበር፤ የአንድ ሾፌር ጥርስ ረገፈ እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። ቦናኬሌ ሥራ ስለበዛበት አልጻፈም፤ ሰላም በልልኝ ብሏል። ትንሽ ገንዘብ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልኬያለሁ።

ልጅዎ፣
ሳኩምዚ


ማንዚማሆሌ
ኤፕሪል 6 ቀን 1998

ዲኬላ፣ ሰላምህ ይብዛ፤ ምላስህም ይፈታ።

ገንዘቡ ደርሶኛል። ከእንግዲህ አትላክ፤ እኔ የጠየቅኩህ ወሬ ነው። ስለ መኪናዋ አንድ ገጽ ጽፈሃል፤ ስለ ልጄ አንድ መስመር። ጥርስ የሚያረግፍ ድንጋይ ደግሞ "ትንሽ" አይባልም። እኔ የመምህር ሚስት ነኝ፤ ደብዳቤ ሳነብ የተዘለለው ቦታ ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

ቦናኬሌ በገዛ እጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ቀኝ እጁ ከተሰበረም በግራው ይጻፍ። ልጁ ስንፍና አያውቅም፤ ስንፍና ካየህበት ታሟል ማለት ነው።

መኪናዋ ከኋላ ማሳል ከጀመረች ማርሚታዋ ነው። በሽቦ አስረነው ነበር፤ ሽቦው ተበልቶ ይሆናል።

ማክዋቲ


ኒያንጋ
ጁን 25 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ክረምቱ እዚያ እንደከፋ ሰማሁ፤ ውርጩ በርዎን አይርገጥ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መኪናዋ እንዳሉት አሳለች፤ ማርሚታውን አስበይጄዋለሁ። ካንዴላዎቿንም ቀይሬያለሁ። የቀኙ በር ስላረጀ ከሌላ መኪና ነጭ በር ገዝተን ገጠምንላት። የዚያኑ በር መስታወትም ቀየርን። የሾፌሩ ወንበር ልብስም አዲስ ሆኗል፣ ቡና ዓይነት ነው፣ ቆሻሻ አያሳይም። ሞተሯ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነው፤ ዘይት እንኳ አትጠጣም። ሰው ሁሉ ይገረማል። አሥራ አራት ዓመት የሠራች መኪና ናት ብል ማን ያምነኛል?

ቦናኬሌ ደህና ነው። ወፍሯል። ይጽፍልዎታል።

ሳኩምዚ


ማንዚማሆሌ
ጁላይ 3 ቀን 1998

ሳኩምዚ፤

ዛሬ በአያቶችህ ስም አልጠራህም።

በር አያረጅም። እኔ ያንን በር ዘጠኝ ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ ሰምቼዋለሁ፤ እኔንም አንተንም የሚቀብር በር ነበር። ቀየርኩ የምትለው የቀኝ በር ሾፌሩ የሚቀመጥበት ነው። መስታወቱም በሾፌሩ በኩል። የወንበር ልብሱም የሾፌሩ። ሦስቱ ባንድ ቀን ተማክረው አረጁ? ቆሻሻ የማያሳይ ቀለም የመረጥከውስ ምን እንዳይታይ ነው?

ሰው የደማበትን ወንበር አውቃለሁ። የባሌ ወንድም ማላሺ በጩቤ ተወግቶ በዚያችው መኪና ሆስፒታል ስንወስደው የኋላ ወንበሩን አንድ ወር ሳጥብ ነበር።

አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅህ። ማን ነው የደማው? መልሱን እስክሰማ እህል አይጣፍጠኝም።

ማክዋቲ


ኒያንጋ
ጁላይ 30 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፤

እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። ቦናኬሌ አይደለም የደማው። እውነቱን ልናገር።

ጁን 2 ቀን ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን የያዘው ታንዲሲሌ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ቦናኬሌ በግራ በኩል ተቀምጦ ሒሳብ ይሰበስብ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ቀርበው ስድስት ጊዜ ተኮሱ። አራቱ ጥይት በበሩ ገባ። ታንዲሲሌ አንገቱን ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። አንደኛው ሰው ቦናኬሌንም ሊጨርስ ሲዞር ሽጉጡ ነከሰበት። ቦናኬሌ ዘሎ ያዘው፤ ፊቱን ከመኪናዋ ኮፈን ጋር እስኪለይለት አጋጨው። ሽጉጡን ወሰደበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽጉጡ ከወገቡ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ ከኛ ሦስት ሾፌሮች ሞተዋል። ከሚኒባሶቹ ወገንም ሞተዋል። ባለፈው እሁድ አንድ በረሮ ከነተሳፋሪው አቃጠሉ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረችበት። የበረሮ ሾፌሮች ማኅበራችን "ዝም ካልን አንድ በአንድ ይለቅሙናል" ብሏል። ቦናኬሌን አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ሲያልፍ መንገድ ይለቁለታል። "እማዬን እንዳትነግራት" ስላለኝ ነው የደበቅኩዎት።

ወደ ቤት ላምጣው ብል ማኅበሩ አይለቀውም፤ ከዳ ብለው የኛው ሰዎች ይገድሉታል። ለገና ሁሉም ወደየአገሩ ሲሄድ በዚያ ግርግር ይዤው እመጣለሁ። ቃሌ ነው።

ሳኩምዚ


ማንዚማሆሌ
ኦክቶበር 19 ቀን 1998

ሳኩምዚ፤

ልጄን ከቀበርኩ አራት ሳምንት ሆነኝ። ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደውለህ "ሴፕቴምበር 12 ቀን መናኸሪያው ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ተመታ" አልክ። ሬሳው መጣ፤ አንተ አልመጣህም። "መንገዱን ይጠብቁብኛል" ብለህ ላክህ። እሺ አልኩ። ሬሳውን ያጠቡት ሽማግሌዎች እግሩንና ሆዱን ተመትቷል፣ ራሱም ተፈንክቷል አሉኝ። ይህንንም እሺ አልኩ።

ከዚያ ማላሺ እንደ ወጋችን የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጦ መንፈሱን ከሞተበት ቦታ ሊያመጣ ወደናንተ ወረደ። ቦታውን ያሳየኸው አንተ ነህ። እዚያ ቆሞ "ቦናኬሌ፣ ቤትህ እንሂድ" ብሎ ጠራው። ላንተ እንኳ ደህና ዋል ሳይል፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ለቅርንጫፉ በአውቶቡስ የራሱን ወንበር ከፍሎለት፣ "አሁን ድልድይ እየተሻገርን ነው፣ አሁን ዳገቱን ወጣን" እያለው እስከ ደጄ አመጣው። ቅርንጫፉን መቃብሩ ላይ አኖርነው። መንፈሱ ቤቱ መግባቱን በጩኸቱ የሚነግረንን ፍየል ሊያርዱ ወደ በረቱ አስገቡት።

ፍየሉ አልጮኸም።

ጦሩ ሆዱን ሲነካው ጭጭ አለ። ደግመው ነኩት። እንዲያ እያያቸው፣ አፉን ገጥሞ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ሥጋውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ። ማላሺ በሦስተኛው ቀን መጥቶ "ማክዋቲ፣ ባዶ እንጨት ነው ያመጣሁት፤ ልጁ ባልሞተበት ቦታ ነው የጠራሁት" አለኝ።

ልጄ የት ነው የሞተው? እኔን ስትፈራ እሱን ሜዳ ላይ ጥለኸዋል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ቤቱን አያውቅም፤ በሰው አገር ይንከራተታል። ሥጋውን ልከህልኛል፤ አሁን የቀረውን አምጣ።

ማክዋቲ


ኒያንጋ
ኖቬምበር 30 ቀን 1998

ለአክስቴ ለማክዋቲ፤

በምን ምርቃት እንደምጀምር አላውቅም። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስቴ ቀደድኩት።

ሚኒባሶቹን የሚያዘው ምቶቤሊ የሚባል ሰው ነበር። ታንዲሲሌን ያስገደለው እሱ ነው ተባለ፤ ነፍሰ ጡሯንም ያስቃጠለው እሱ ነው ተባለ። ማኅበሩ ተሰበሰበ። "ሽጉጡ የቦናኬሌ፣ የማትከዳ መኪና ያንተ" አሉን። በረሮ ተልኮ መሐል መንገድ ቢቆም ሁላችንም አለቅን ነው ነገሩ። ስለዚህ የእርስዎን መኪና መረጡ። እኔም አልዋሽዎትም፣ በሆዴ ኮራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ምቶቤሊ ጉጉሌቱ በሚባለው ሰፈር ከቤቱ ፊት ለፊት ሚኒባሱን በሳሙና ያጥባል። ገመዱ ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል። ከአጥሩ ሠላሳ እርምጃ ርቄ አቆምኩ። ቆማ ስትሠራ ትግላለች ስላሉኝ አጠፋኋት። ቦናኬሌ "መጣሁ" ብሎኝ ወረደ፤ ሱቅ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሰውዬው ቀና ሲል ደረቱን ሁለቴ፣ ከወደቀ በኋላም አንዴ ተኮሰበት። የሳሙናው ውሃ ቀይ ሆኖ ወደ መንገድ ወረደ። ሚስቱ እየጮኸች ወጣች። ከጎረቤት አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ወጥቶ ሲተኩስ የቦናኬሌ እግር ታጠፈ። ተነሣ። እያነከሰ ወደኔ መጣ።

አክስቴ፣ አሥር እርምጃ ቀርቶት ነበር። በጎን መስታወቱ አየሁት። እጁን አንሥቶ "ቆይ" አለኝ። አንዲት ጥይት የኋላውን መስታወት ሰበረች። ቁልፉን ነካሁት። እንደሌሎቹ በረሮዎች ሦስት አራት ጊዜ ብታጉረመርም ኖሮ ይደርስ ነበር። በሩን ይከፍት ነበር። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ተነሣች። ሁለተኛ ማርሽ እንኳ ያን ቀን አልተግደረደረችም። ሄድኩ።

እስካሁን ስለ መኪናዋ የጻፍኩልዎት ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ቀን አላሳፈረችም። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ማላሺ ቅርንጫፉን ይዘው ሲመጡ ጉጉሌቱ ልውሰዳቸው? የምቶቤሊ ወንድሞች አሉ። ፈራሁ። መናኸሪያው ላይ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ አሳይቼ "እዚህ ነው" አልኩ። እርሳቸው ዘይቱን "ቦናኬሌ፣ ቤትህ እንሂድ" ሲሉት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሞተው በምቶቤሊ ደጅ ነው፤ ሰማያዊ በር፣ የመንገዱ ሦስተኛ ቤት። አይምጡ እባክዎ። ይገድሉዎታል።

ሳኩምዚ


ማንዚማሆሌ
ዲሴምበር 14 ቀን 1998

ሳኩምዚ፤

ሄጄ መጣሁ። ላንተ ሳልነግር ባለፈው ማክሰኞ ከማላሺ ጋር ጉጉሌቱ ነበርኩ። በደብዳቤህ የጻፍከው ሰማያዊ በር ከሩቅ ይታያል።

ማላሺ ቅርንጫፉን ይዞ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ቅርንጫፍ የያዘ ሰው ከሙቱ በቀር አያናግርምና አንኳኪዋም ተናጋሪዋም እኔ ነበርኩ። የምቶቤሊ ሚስት ወጣች። ኖምባሳ ትባላለች፤ ያንተ እኩያ ናት፣ ጥቁር ለብሳለች። "ልጄ ደጅሽ ላይ ሞቷል፤ ልወስደው መጣሁ" አልኳት። ቅርንጫፉን አየች። ማን እንደሆንኩ ገባት። ምራቋን እግሬ ሥር ተፋች። ታገሥኳት። እኔ ብሆን ምራቅ ብቻ አልተፋም ነበር።

ከዚያ የባሏ ታናሽ ወንድም ከጓሮ መጣ፤ ሽጉጡን ማላሺ ጆሮ ላይ ደገነ። "ሽማግሌ፣ ማን ነው የላከህ?" አለው። ማላሺ ዝም። "ተናገር!" ብሎ በሽጉጡ እጀታ ቅንድቡን ተረተረው። ደሙ ጢሙ ላይ ወረደ። ማላሺ ቅርንጫፉን አጥብቆ ይዞ ዝም። ሁለተኛ መታው። በጉልበቱ ወደቀ፤ አሁንም ቃል የለም። አንድ ቃል ለሰውዬው ቢመልስ ልጄ ሁለተኛ ይጠፋብኝ ነበርና ምላሱን ነክሶ ደም ዋጠ። ኖምባሳ ናት በመጨረሻ "ተው፣ የሰው ሙት ይዟል" ያለችው። "እማማ፣ የኔም ሰው ደም እዚሁ ነው" አለችኝ፣ "ሲጠሩ ደባልቀው እንዳይወስዱብኝ።" ባሏ የወደቀበትን ቦታ በእግሯ ዙሪያውን አሰመረችልኝ፤ የልጄን ደግሞ በጣቷ አሳየችኝ።

ወንድምዬው ግን ሽጉጡን አልመለሰም። "መኪናዋን ማን ነበር የነዳት?" ሲል እኔን ጠየቀኝ።

ሙት በሚጠራበት ቦታ አይዋሽም። ባንተ ውሸት አንድ ፍየል ዲዳ ሆኖ ሞቶብኛል። "የወንድሜ ልጅ፣ ሳኩምዚ፣ ዲኬላ፣ ኒያንጋ የሚኖረው" አልኩት። አፌ ውስጥ እሳት ነበር፤ ግን አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ቦናኬሌን የጠራነው። ትናንት ፍየል አረድን። ጩኸቱን ወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ሰምተው ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ሽማግሌዎቹ በሉ። ልጄ ቤቱ ነው።

አሁን ያንተ ነገር። ወንድምዬው በዚያው ሰዓት ሊመጣብህ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠ። ኖምባሳ ከለከለችው። "ይምጣ፤ በእግሩ ይምጣ፣ በቀን ይምጣ፣ ባሌ የወደቀበት ቆሞ ያደረገውን ለልጆቼ በአፉ ይንገር። እስከ ዲሴምበር 20፣ እሁድ፣ ከመጣ ማንም አይነካውም" አለች። እሱ ደግሞ "ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ" አለ። ቃላቸው ይህ ነው። እውነት ይሁን ውሸት አልምልልህም። ደብዳቤውን የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ሐሙስ ይደርሳል። መኪናዋን ይዘህ የምትሸሽበት አገር ሞልቷል፤ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። የኔ ደጅ ግን ከዚያ አገር ውስጥ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረ። ስሄድ ኖምባሳ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጎረቤትየው ቀርቦ የልጄን ሆድ በጥይት መታው፤ እሷም የባሏን አካፋ አንሥታ ራሱን ሁለቴ መታችው። ሦስተኛውን አቃታት፤ አካፋውን ጥላ አጠገቡ ቁጭ አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ውሃ አልለመናትም፣ ምሕረትም አልለመናትም። እኔንም አልጠራኝም። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል "ሳኩምዚ ይመለሳል፣ አሁን ይመለሳል" እያለ ነበር የሞተው።

እንግዲህ ተመለስ።

አክስትህ፣
ማክዋቲ